የተለቀሰለት መጽሐፍ፣ ያልተለቀሰለት ብር

ይህን ታሪክ ግማሹን ከመዝገብ፣ ግማሹን ከልቤ አውጥቼ ነው የምነግራችሁ። መርከቦቹ፣ ዓመታቱ፣ ወንበዴዎቹና መጽሐፉ እውነት ናቸው። በመካከሉ የሚገቡት ስም የለሽ ሽማግሌና ልጅ ግን የእኔ ናቸው። መዝገብ የተደረገውን ይነግራል እንጂ የተሰማውን አይነግርም፤ ለተሰማው ነገር አፍ የሚሆን ሰው ባጣ ጊዜ ሁለቱን መርከቧ ላይ አሳፈርኳቸው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1681፣ ጁላይ 29 ቀን ነው። ዛሬ ኢኳዶር በምትባለው አገር ዳርቻ አንዲት የእስፔን የንግድ መርከብ ወደ ፓናማ ትጓዛለች። ስሟ ሳንቶ ሮዛሪዮ፣ ቅዱስ መቁጠሪያ ነው። ከአድማስ ሌላ መርከብ ብቅ አለች። የእርሷም አሠራር የእስፔን ነው፤ ስሟም ትሪኒዳድ፣ ሥላሴ ነው። መቁጠሪያ ከሥላሴ ጋር ቢገናኝ ምን ክፉ ይመጣል ትሉ ይሆናል። ስም ግን ጌታውን አይመርጥም። ሥላሴን ከእስፔኖች ነጥቀው የሚጓዙባት እንግሊዛውያን የባሕር ወንበዴዎች ነበሩ።

እነዚህ ሰዎች ከአንድ ዓመት በፊት፣ በኤፕሪል 1680፣ ከሦስት መቶ በላይ ሆነው የፓናማን ጠባብ ምድር በጫካና በወንዝ አቋርጠው የመጡ ናቸው። መንገድ ያሳዩዋቸው ከእስፔን ጋር ቂም የነበራቸው የአገሩ ተወላጆች ነበሩ። ከፓናማ ከተማ ፊት ለፊት መርከቧን ማረኩ፤ ከዚያ ወዲህ ያንን ባሕር ሲያምሱ ከረሙ። አለቃቸውን በድምፅ ይሾማሉ፣ በድምፅ ይሽራሉ። ባርቶሎሚው ሻርፕ የሚባለውን በጃንዋሪ 1681 ሽረው ሌላ ሾሙ። አዲሱ አለቃ ወር ሳይሞላው አሪካ የምትባል ከተማ ሊዘርፍ ገብቶ ተገደለ። እነርሱም ወደ ሻርፕ ተመልሰው «አንተው ምራን» አሉት። ይህን ያልወደዱት ተለይተው ሄዱ። ከሻርፕ ጋር የቀሩት ሰባ ያህል ነበሩ።

ውጊያው አጭር ነበር። የሮዛሪዮ ካፒቴን በመጀመሪያው ተኩስ ወደቀ፤ የቀሩት ብዙ ሳይቆዩ እጅ ሰጡ። ወንበዴዎቹ መርከቧ ላይ ሲወጡ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ወደ ባሕር ሊወረወር ሲል ደረሱ። ሻርፕ ነጠቀው። በዚህ ጊዜ እስፔናውያኑ አለቀሱ። ማልቀሳቸውን የመዘገበው ራሱ ሻርፕ ነው።

ሻርፕ እስፔንኛውን አጣርቶ ያንብብ አያንብብ ለዚህ ታሪክ አያስፈልገንም። ገጹን ከመግለጡ በፊት ዋጋውን ያነበበው ከሰዎቹ ጉንጭ ላይ ነው።

፨

መጽሐፉ ዴሮቴሮ ይባላል፤ የባሕር መንገድ መምሪያ ማለት ነው። በእጅ የተሳለ፣ በእጅ የተጻፈ ነው። ከሜክሲኮ ዳርቻ ጀምሮ እስከ ደቡብ አሜሪካ ጫፍ ድረስ ያለውን ጠረፍ፣ ወደቡን፣ መልህቅ የሚጣልበትን፣ ንጹሕ ውኃ የሚቀዳበትን፣ አሸዋው የሚያጠምድበትን፣ ዓለቱ የሚያደባበትን ሁሉ ይዟል።

የዚያን ዘመን መርከበኛ ችግር ካላወቅን የመጽሐፉን ክብደት አንረዳም። መርከበኛው የፀሐይን ከፍታ ለክቶ ከምድር ወገብ ምን ያህል ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ እንደራቀ ያውቃል። ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ምን ያህል እንደሄደ ግን በእርግጠኝነት የሚለካበት መሣሪያ አልነበረውም፤ ለዚያ የሚታመን ሰዓት የተሠራው በሚቀጥለው ክፍለ ዘመን ነው። ስለዚህ በገመድና በአሸዋ ሰዓት ፍጥነቱን እየገመተ ይጓዛል፤ መሬት ሲያይ ደግሞ «ይህ የቱ ተራራ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱን ከተሳሳተ ወደብ ነው ብሎ የገባበት መቃብሩ ይሆናል።

የዴሮቴሮው ጥበብ እዚህ ላይ ነው። ጠረፉን ወፍ ከላይ እንደምታየው ብቻ ሳይሆን፣ ሰው ከመርከቡ ላይ ቆሞ እንደሚያየው አድርጎ ይስላል። ይህ ተራራ ከሰሜን ሲታይ አንድ ጫፍ ነው፤ ከምዕራብ ሲታይ ሁለት ይሆናል። ይህ ገደል ነጭ ነው፤ ከሥሩ ውኃ አለ። እዚህ ጥልቀቱ ይህን ያህል ነው፤ የታችኛው አሸዋ ስለሆነ መልህቅ ይይዛል፤ ከዚያ ወዲያ ዓለት ነውና ገመድ ይበላል።

ይህን ሁሉ ማን አወቀው? እስፔን በ1503 በሴቪል ከተማ ካሳ ዴ ኮንትራታሲዮን የሚባል ቤት አቋቁማ ነበር። የአዲሱ ዓለም ንግድም፣ የባሕር መንገድ እውቀትም በዚያ በኩል ያልፋል። እዚያ ፓድሮን ሪያል፣ የንጉሥ ዋና ካርታ የሚባል አንድ ካርታ ነበር። የመርከብ መንገድ መሪዎች ከጉዞ ሲመለሱ ያዩትን ይናገራሉ፤ የተሳሳተው ይታረማል፣ የጎደለው ይሞላል። በባዕድ እጅ እንዳይገባ ደግሞ በብርቱ ይጠበቅ ነበር። እስፔን ያንን የደቡብ ባሕር፣ እኛ ዛሬ ሰላማዊ ውቅያኖስ የምንለውን፣ የግቢዋ ኩሬ አድርጋ ትቆጥረው ነበር። የኩሬው አጥር ጦር ብቻ አልነበረም፤ ዋናው አጥር የሌላው ሰው አለማወቅ ነበር። መንገዱን የማያውቅ ጠላት ገና ሳይተኮስበት ግማሽ ያህል ተሸንፏል።

ስለዚህ ሕጉ አጭር ነው፤ ካርታው በጠላት እጅ ሊወድቅ ሲል ይስጠም።

፨

አሁን ወደ መርከቧ ሆድ እንውረድ።

ወንበዴዎቹ ወይን ጠጅና ብራንዲ የሞላባቸው ጋኖች አገኙ፤ ደስ አላቸው። ዘይት አገኙ፤ የተመታ ገንዘብም አግኝተው ተካፈሉ። ከዚያ በታች ሰባት መቶ ያህል፣ እንደ ጡብ የቀለጡ፣ አመድማ መልክ ያላቸው የማዕድን ቁራጮች ተደርድረው አዩ። አንዱን አነሱት፤ ከባድ ነው። ቧጠጡት፤ አያበራም። «ቆርቆሮ ነው» ተባባሉ። ሰባት መቶ ቁራጭ ቆርቆሮ ከመርከብ ወደ መርከብ ማን ይሸከማል? አንድ ሰው ብቻ አቅልጦ አረር ይሠራበት ዘንድ አንዷን ቁራጭ ይዞ ወጣ። ሌላው ሁሉ ባለበት ቀረ።

ቆርቆሮ አልነበረም፤ ገና ያልተጣራ ብር ነበር።

በዚያው ጠረፍ አካባቢ ላ ፕላታ የምትባል ደሴት አለች፤ ትርጉሟ ብር ማለት ነው። ፍራንሲስ ድሬክ የዘረፈውን ብር ለሰዎቹ ያከፋፈለው እዚያ ነው እየተባለ በመርከበኞች ዘንድ ይወራ ነበር። የሻርፕ ሰዎችም ባለፈው ዓመት በዚያች ደሴት መልህቅ ጥለው ነበር። ብር ተብላ የተጠራችው ደሴት ድንጋይና ቁጥቋጦ ናት፤ ቆርቆሮ ተብሎ የተጠራው ደግሞ ብር ነው። ስም ሰጪው ሲቸኩል እንዲህ ይሆናል።

ወንበዴዎቹ የሮዛሪዮን ምሰሶ ቆርጠው፣ ሰዎቿን በላይዋ ትተው ሄዱ። መርከቧ ሸራ እንደሌላት፣ ብሯን በሆዷ እንደያዘች፣ በማዕበሉ ላይ ተንገዋለለች።

፨

የእኔ ሽማግሌና የእኔ ልጅ የሚመጡት በዚህ ሌሊት ነው።

ሽማግሌው የመርከቧ መንገድ መሪ ነው። ልጁ ገመድ የሚያሳስርና ፋኖስ የሚያበራ፣ ዐሥራ ሦስት ዓመት የሞላው ተላላኪ ነው። ሽማግሌው ከተቆረጠው ምሰሶ ጉቶ ሥር ተቀምጧል። ልጁ ውኃ አመጣለትና አጠገቡ ቁጢጥ አለ።

«አባቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ጠይቅ።»

«ከታች ያለውን ብር ሲያገላብጡት እርስዎ ቆመው ያዩ ነበር። ፊትዎ እንኳ አልተለወጠም። ሌሎቹም ዝም አሉ። መጽሐፉን ሲወስዱ ግን አለቀሱ። መጽሐፍ ከብር ይበልጣል?»

ሽማግሌው ውኃውን ጨለጠ። «ለብሩ ብናለቅስለት ኖሮ ብሩንም ይወስዱት ነበር» አለ።

ልጁ ሳቀ፤ ቀኑን ሙሉ ያልሳቀውን ሳቀ። ትንሽ ቆይቶ ግን ሳቁ ከፊቱ ጠፋ።

«እንግዲያማ ለመጽሐፉም ዝም ማለት ነበረብዎ። ባያለቅሱ የጸሎት መጽሐፍ መስሏቸው ይተዉት ነበር። ያሳወቃቸው የእርስዎ እንባ ነው።»

ሽማግሌው አልመለሰም። ከሩቅ የወንበዴዎቹ ፋኖስ እንደ ኮከብ አንሶ አንሶ ጠፋ።

«ይህን ነገ እነግርሃለሁ» አለው።

እኛም እስከ ነገ ድረስ እዚያው እንተዋቸውና ፋኖሱን እንከተል።

፨

ሥላሴ ወደ ደቡብ ወረደች። ወንበዴዎቹ አገራቸው መግባት ፈልገዋል። በማጄላን መተላለፊያ ሊያልፉ አስበው መግቢያውን አጡት፤ ንፋሱና ጭጋጉ ገፍቶ ከምድር ጫፍ አሻገራቸው፤ የበረዶ ተራሮች በውኃ ላይ ሲንሳፈፉ እያዩ ኬፕ ሆርንን ዞሩ። ከዚያ ወዲያ ወደ ሰሜን ሽቅብ የተጓዙበትን ውቅያኖስ የዚያ ዘመን የካርታ ሠሪዎች ምን እንደሚሉት ታውቃላችሁ? «የኢትዮጵያ ባሕር»። ዛሬ ደቡብ አትላንቲክ የምንለውን፣ አያቶቻችን መርከብ አሰማርተውበት የማያውቁትን ውኃ፣ አውሮፓውያን በላቲን በስማችን ጽፈው ይሸጡት ነበር። ደስ ቢለን ደስ ይበለን፤ ነገር ግን ካርታ ላይ ስም መጻፍና ማወቅ አንድ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር የለም። አንዱ ብርን ቆርቆሮ ይላል፤ ሌላው የማያውቀውን ሕዝብ ስም ሕዝቡ በማያውቀው ባሕር ላይ ይለጥፋል።

በመንገድ ላይ ያቺ አንዲት ቁራጭ ትቀልጥ ጀመር። አረር ሆነች። ጠመንጃ ውስጥ ገብታ ተተኮሰች። አስቡት፤ በመላው ባሕር ከእነርሱ የበለጠ ውድ ጥይት የተኮሰ ሰው አልነበረም፤ እነርሱ ግን ርካሽ ነገር ያባከኑ መስሏቸዋል።

በጃንዋሪ 1682 መጨረሻ ባርባዶስ ደረሱ። ወደቡ ላይ የንጉሡ የጦር መርከብ ቆማ ስላዩ ፈርተው አለፉ። አንቲጓ ላይ ከቁራጯ የተረፈችውን ለአንድ የብሪስቶል ሰው ሰጡት። ሰውዬው ማዕድን ያውቅ ነበር። አገሩ ወስዶ በ75 ፓውንድ ሸጣት። ያ ለአንድ ተራ መርከበኛ የብዙ ዓመት ደሞዝ ነው፤ ያውም የአንዲት ቁራጭ ትርፍራፊ። ወሬው ሲደርሳቸው ሰባት መቶውን አሰቡ። ከመካከላቸው ማስታወሻ ይጽፍ የነበረ አንዱ፣ በዚያ ሁሉ ጉዞ ካገኙት ምርኮ ትልቁን ያጡት በገዛ ድንቁርናቸውና በገዛ ስንፍናቸው መሆኑን ሳይሸፋፍን አምኗል። እኔ በዚህ ሰው እኮራለሁ። ብዙ ሰው ድንቁርናውን ቢያምን ስንፍናውን ይደብቃል።

ጓደኞቹ ግን ከብሩ አልተማሩም። በቁማር ድርሻቸውን ሁሉ የተበሉት «ምን ይዘን እንግባ?» ቢሉ መርከቧን ተዉላቸው። ሥላሴ ለተበሉ ቁማርተኞች ቀረች። ሌሎቹ በየመርከቡ ተበትነው ወደ አገራቸው ተሻገሩ።

መጽሐፉን ግን ሻርፕ ከእጁ አላወጣውም።

፨

ለንደን ሻርፕን የጠበቀችው በገመድ ነበር። እንግሊዝና እስፔን ከ1670 ጀምሮ በአሜሪካ ጉዳይ የሰላም ውል ተፈራርመዋል፤ ስለዚህ በደቡብ ባሕር የተደረገው ሁሉ ውንብድና፣ የሮዛሪዮ ካፒቴን ሞትም ነፍስ ግድያ ነው። የእስፔን አምባሳደር ፍርድ ጠየቀ። ሻርፕ በ1682 በባሕር ጉዳይ ፍርድ ቤት ቀረበ። በነጻ ወጣ። መዝገቡ ማስረጃ አልበቃም ይላል፤ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ግን መጽሐፉ እንዳዳነው ያምናሉ። ንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ እስፔን ከመቶ ዓመት በላይ የደበቀችውን ባሕር ገልጦ ሊያየው ነው፤ መጽሐፉን ያመጣለትን ሰው እንዴት ይስቀለው?

በለንደን ዋፒንግ የሚባል የመርከበኞች ሰፈር አለ። በቴምስ ወንዝ ዳር የባሕር ወንበዴ የሚሰቀልበት ቦታ የነበረው በዚያው ሰፈር ነው፤ ሬሳው ማዕበሉ ሦስት ጊዜ እስኪሸፍነው ድረስ አይወርድም ነበር። ከዚያው ሰፈር፣ ከመስቀያው ሩቅ ባልሆነ ቤት፣ ዊልያም ሃክ የሚባል ካርታ ገልባጭ ይሠራ ነበር። ሻርፕ አንገቱ ሊንጠለጠልበት በሚገባው ሰፈር መጽሐፉ ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ። ጽሑፉ ወደ እንግሊዝኛ ተመለሰ። ሃክ ቀለሙን በጥብጦ ተራሮቹን አረንጓዴና ቡናማ፣ ጠረፉን በቀጭን መስመር አድርጎ ገለበጠ። አንዱ ቅጂ ለንጉሡ ቀረበ። ከዚያ ሌላ ገለበጠ፤ ከዚያም ሌላ። ለመኳንንት፣ ለባለሥልጣን፣ ኋላም ለተከታዩ ንጉሥ ለዳግማዊ ጄምስ።

አንድ ሆኖ የተደበቀው ብዙ ሆኖ ተበተነ። ዛሬ የሃክ ቅጂዎች በለንደን የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት፣ በግሪኒች የባሕር ሙዚየም፣ በካሊፎርኒያ የሃንቲንግተን ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ከወንበዴዎቹ አንዱ የነበረው ባሲል ሪንግሮዝ ያዘጋጀውን ቅጂ ደግሞ በ1992 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት አሳትሞታል። ያኔ ለባዕድ ማሳየት ያስቀጣ የነበረውን፣ ዛሬ የፈለገ ሰው ቁጭ ብሎ ገጹን ይገልጣል።

ሰዎቹስ? ማስታወሻው በሰፊው የሚነበብለት ባሲል ሪንግሮዝ፣ ካርታ መሳልም የሚችለው፣ ወደዚያው ባሕር ለዘረፋ ተመልሶ ሄደ። በ1686 በሜክሲኮ ምድር ደፈጣ ውስጥ ገብቶ ተገደለ። በእጁ የነበረው እውቀት የባሕሩን ዓለት ያሳያል፤ ሣር ውስጥ የተኛውን ሰው አያሳይም። ሻርፕም ወደ ካሪቢያን ተመለሰ። ከብዙ መንከራተት በኋላ በዴንማርኮች ትገዛ በነበረችው በሴንት ቶማስ ደሴት በዕዳ ታስሮ በ1702 እስር ቤት ውስጥ ሞተ። ሰባት መቶ ቁራጭ ብር እግሩ ሥር የነበረ ሰው ለአበዳሪ የሚከፍለው አጥቶ ሞተ።

በዚህ ላይ «ሰው መንገዱን ሁሉ ቢያውቅ መድረሻውን ካላወቀ ምን ይረባዋል» ብዬ ታሪኩን ልዘጋው እችል ነበር። ቀላል ነው፤ ለስብከትም ይመቻል። ነገር ግን ከተቆረጠው ምሰሶ ሥር መልስ የሚጠብቅ ልጅ አለ።

፨

ነጋ። ባሕሩ ጸጥ ብሏል። ልጁ አልተኛም።

«ነገ ብለውኝ ነበር» አለ።

ሽማግሌው ፊቱን በጨው ውኃ ታጥቦ ተቀመጠ። «ሰው በጌታው ንብረት ላይ ዝም ማለት ይችላል» አለ። «ብሩ የነጋዴና የንጉሥ ነው። ቢወሰድ ይቆጨኛል እንጂ አያቃጥለኝም። መጽሐፉ ግን... እዚያ ገጽ ላይ ያለችው እያንዳንዷ ትንሽ መስቀል የምታሳይህ ዓለት ነው። ዓለቱን ማን አገኘው ብለህ ትጠይቃለህ? እላዩ ላይ የሰጠመው ሰው ነው። የአባቴ ወንድም ከነዚያ መስቀሎች አንዷ ሥር ተኝቷል። ውኃ የሚቀዳበትን ያሳዩን ደግሞ በታንኳ የሚያጠምዱ የአገሩ ሰዎች ናቸው፤ ስማቸው የትም አልተጻፈም። እኔም አርባ ዓመት ሙሉ እያየሁ አርሜዋለሁ።»

«ስለዚህ አለቀሱ።»

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። ደግሞ የሚያሳፍረኝን ልንገርህ። መጽሐፉን ወደ ባሕር ሊወረውር እጁን የዘረጋው ማን ይመስልሃል?»

ልጁ ዝም አለ።

«እኔ ነኝ። ትእዛዝ ነው፤ ይስጠም ተብሏል። ስሮጥ፣ ክንዴን ሳነሳ፣ ዓይኔ ደረቅ ነበር። በዚያች ቅጽበት አንዲት ጠብታ አልወጣኝም። ያለቀስኩት ሌባው ከአየር ላይ ቀልቦ ባዳነው ጊዜ ነው።»

ማዕበል የመርከቧን ጎን መታ አድርጎ አለፈ።

«ሁለቱ ሴቶች በሰሎሞን ፊት የቆሙበትን ታሪክ ታውቀዋለህ?»

«አውቃለሁ። እናቲቱ ልጁን ለሌላዋ ስጧት፣ ብቻ አይሙት አለች። ያችኛዋ ለእኔም ለእሷም አይሁን፣ ይቆረጥ አለች።»

«ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩት እርሱን ነው። ትላንት ሰሎሞን እዚህ መርከብ ላይ ቢኖር ማንን እናት ይል ነበር? ሌባውን አይለውም፤ አንገቱን ሊዋጅበት ነው የወሰደው። እኔን ግን ምን ይለኝ ነበር? ይቆረጥ ያልኩት እኔ ነኝ። አርባ ዓመት ያሳደግሁትን፣ የአጎቴ መቃብር የተጻፈበትን፣ ከሌላ እጅ ከሚገባ ይስጠም ያልኩ እኔ ነኝ። ለመጽሐፉ ያለቀስኩ መስሎህ ነበር። እኔም መስሎኝ ነበር። ያለቀስኩት ግን 'የእኔ ብቻ ነበር' ለሚለው ነው።»

ልጁ ለረጅም ጊዜ ባሕሩን ተመለከተ። ልጅ ነውና ከሐዘን ይልቅ የቀረበው ጥያቄ መጣበት።

«ታዲያ አሁን መሬት የሚያደርሰን ምንድን ነው? መጽሐፍ የለን፣ ምሰሶ የለን።»

«ምሰሶ ከተሰበረ እንጨት ይጠገናል። ብሩም ከታች ሆኖ ለአንድ ነገር ጠቅሞናል፤ ክብደቱ መርከቧን እንዳትገለበጥ ይዟታል። ከትላንት ጀምሮ የሠራው የመጀመሪያ በጎ ሥራ እርሱ ነው።»

«መጽሐፉስ?»

ሽማግሌው ከማብሰያው ምድጃ አንድ ቁራጭ ከሰል አንስቶ መጣ። የመርከቧን ወለል በእጁ ጠረገና አንድ ረጅም ጠማማ መስመር አሰመረ። ጠረፉ ነው። እጁ አልተንቀጠቀጠም።

«ለስንት ሰው አስተምረውታል?» አለ ልጁ።

«ለማንም። ለተላላኪ ማሳየት ክልክል ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን ሌባ ሳይቀር አይቶታል፤ አንተ ብቻ ሳታየው ልትቀር ነው?» ከሰሉን ከመስመሩ በላይ አስቀምጦ ጉብታ ሳለ። «ይህ ሞንቴ ክሪስቲ ነው። ከሩቅ ሲታይ ብቻውን ከፍ ብሎ የቆመ ክብ ተራራ ነው፤ በዚህ ጠረፍ ሁሉ ከእርሱ የተሻለ ምልክት የለም። ከሥሩ፣ በባሕሩ በኩል፣ ማንታ የምትባል መንደር አለች። ከመንደሯ ፊት ለፊት ከውኃ በታች ዓለት አለ። ሌላው ዓለት ማዕበል ሲመታው አረፋ ያወጣል፣ በአረፋው ታውቀዋለህ። ይህኛው ግን ማዕበል አይሰበርበትም፤ ውኃው ከላዩ ጸጥ ብሎ ያልፋል። ከዓለቱ ወዲህ መልካም መልህቅ መጣያ አለ። እስቲ በል።»

ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ጣቱን እያጠፈ ቆጠረ። «ሞንቴ ክሪስቲ፣ ብቻውን የቆመ ክብ ተራራ። ከሥሩ ማንታ። ከዚያ መልካም መልህቅ መጣያ።»

«ዓለቱን ረሳኸው» አለው ሽማግሌው። «ሰው የሚሞተው እርሱ ላይ ነው። እንደገና በል።»